ጥላሸትና ድንጋይ፦ ከየካ ኩሽና እስከ እንጦጦ ደብር



የዛሬው ንግግር ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንዳንድ ባልደረቦቼ ቆመው እያነበቡ ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ። የሻማ ጥላሸትን ከኩሽና ድንጋይ ላይ ስለ ማንሣት አንድ ሰዓት ሙሉ መናገር ለዩኒቨርሲቲ መድረክ የሚመጥን አይመስልም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም አልመርጠውም ነበር። የመረጥሁት በራሴ ስሕተት ምክንያት ስለሆነ ከስሕተቱ ልጀምር።

የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር ነው። መብራት ጠፍቶ ባደረበት በአንድ ሌሊት ማግሥት ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ወይዘሮ ስልክ ደወሉልኝ። «ጋሼ፣ ኬሚስትሪ አይደል የሚያስተምሩት? ሻማው የኩሽናዬን ድንጋይ አጠቆረብኝ፤ በምን ይለቃል?» አሉኝ። እኔ ወደ ክፍል ለመግባት እየተጣደፍሁ ነበር። «ሎሚ ጨምቀው ያሹት፤ እምቢ ካለ በሽቦ ያግዙት» አልኋቸው። ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ አልጠየቅሁም። የቤት ሠራተኛቸው የሆነች ወጣት እንደ ታዘዘችው አደረገች። ጥቁሩ ሳሳ፤ በምትኩ ግን የሰሐን ስፋት ያህል የደበዘዘ፣ ነጣ ያለ ክብ ቀረ። ድንጋዩ የተወለወለ ማርብል ነበር። ወይዘሮዋ ልጅቷ ከእኔ ምክር ውጭ በረኪና ጨምራበት ነው ብለው አመኑና ከወር ደመወዟ ቆረጡባት። ነገሩን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ በግቢው በር ላይ ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «ጋሼ፣ እኔ እርስዎ እንዳሉት ነው ያደረግሁት» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የዛሬው ንግግሬ በዚያች ማለዳ በስልኩ ላይ መናገር የነበረብኝ፣ ሳልናገረው የቀረሁት ነው።

በመጀመሪያ ጥቁሩ ነገር ምንድን ነው? የሻማ ነበልባል ቢጫ ብርሃን የሚሰጠን ራሱ ጥላሸቱ ነው። ሰሙ በሙቀት ይቀልጣል፣ በክሩ ወደ ላይ ይሳባል፣ ይተናል። በነበልባሉ መካከል በቂ ኦክስጅን ስለማይደርስ ተኑ ይፈራርስና ጥቃቅን የካርቦን ቅንጣት ይሆናል። ቅንጣቶቹ ግለው ያበራሉ፤ ወደ ነበልባሉ ጠርዝ ሲደርሱ አየር አግኝተው ከተቃጠሉ ጭስ የለም። ክሩ ሲረዝም ወይም በመስኮት የገባ ነፋስ ነበልባሉን ሲያወዛውዘው ግን ሳይቃጠሉ ያመልጣሉ። ማይክል ፋራዴይ በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. ከ1860 መጨረሻ እስከ 1861 መጀመሪያ ለወጣቶች በሰጣቸው ስድስት ንግግሮች ይህንኑ በአንዲት ሻማ ብቻ አሳይቷል። ስለ ሻማ ንግግር ማድረግ ያሳፍራል ለምትሉ ባልደረቦቼ ፋራዴይን በምስክርነት ጠርቻለሁ።

የአንዱ ቅንጣት ስፋት በአሥር ቤት በሚቆጠር ናኖሜትር ይለካል። ቅንጣቶቹ እየተያያዙ ሰንሰለት ይሠራሉ፤ እኛ የምናየው ጥቁር ዱቄት የነዚህ ሰንሰለቶች ክምር ነው። ካርቦን በመሆኑም በውሃ አይሟሟም፤ በሎሚ አይሟሟም፤ በሶዳ አይሟሟም፤ በአልኮልም አይሟሟም። በረኪናም ቢሆን ቀለም የሚያጠፋው የቀለሙን ሞለኪውል በማፍረስ ነውና በኩሽና ሁኔታ ጥላሸትን አያነጣም።

ይህን ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት ቀላል ሊሆን ይገባ ነበር። የብራና መጻሕፍቶቻችን ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ቀለም በጥባጩ ከምጣድና ከድስት ሥር ጥላሸት ይፍቃል፤ ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ ጋር አዋሕዶ ለረጅም ጊዜ ይበጠብጠዋል። በሌሎች አገሮች በብረት ጨው የተሠሩ ቀለሞች ከጊዜ ብዛት ወደ ቡናማ ሲለወጡ፣ አልፎም ወረቀቱን ሲበሉ፣ የእኛ ጽሑፍ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ጥቁር ሆኖ የሚነበበው ካርቦን ከምንም ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ ነው። ጎረቤቴን ያስቸገራቸው እድፍና የብራናውን ጽሕፈት ያቆየው ቀለም አንድ ባሕርይ አላቸው። ስለዚህ ጥላሸትን «የሚያሟሟ» ነገር ፍለጋ ከጅምሩ ከንቱ ነው። መፈለግ ያለበት ጥላሸቱን ከድንጋዩ ጋር ያጣበቀውን ነገር የሚያላቅቅ ነው።

አጣባቂው ደግሞ ሰሙ ነው። ከነበልባሉ የሚያመልጠው ካርቦን ብቻ አይደለም፤ ያልተቃጠለ የሰም ተንና ቅባትነት ያለው ጭስ አብሮ ይወጣል። የተነነው ሁሉ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ይረጋል። ቅንጣቶቹም ቢሆኑ ከሙቅ አየር ወደ ቀዝቃዛ ገጽ የመገፋት ጠባይ አላቸው፤ ፊዚክስ ተማሪዎች ቴርሞፎሬሲስ ስትሉት የምትሰሙት ይኸው ነው። በእንጦጦ ግርጌ በሌሊት የኩሽና ድንጋይ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ክንዱን ያሳረፈበት ሁሉ ያውቃል። ሻማውን ከድንጋዩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር አጠጋግቶ ያቆመ ሰው ጭሱን ወደ ቀዝቃዛው ገጽ ጋብዞታል። ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቆ፣ ክሩን ወደ ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ አሳጥሮ፣ ነፋስ ከማይነካው ቦታ ማቆም ከማንኛውም የማጽጃ ዘዴ ይበልጣል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። በአዲስ አበባ ኩሽናዎች የማየው በአብዛኛው ማርብል፣ ግራናይት ወይም ቴራዞ ነው። ማርብል፣ ማለትም እብነ በረድ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከቤንሻንጉል ጉሙዝም ይምጣ ከጣሊያን፣ አሲድ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ይሟሟል። በጥንካሬ መለኪያው በሞስ ሚዛን 3 አካባቢ ስለሆነ ቢላዋም ሽቦም ይጭረዋል። ግራናይት በአመዛኙ ኳርትዝና ፌልድስፓር ነው፤ ጥንካሬው ከ6 እስከ 7 ይደርሳል፤ ሎሚ አያሟሟውም፤ ነገር ግን በቅንጣቶቹ መካከል ቅባት የሚጠጡ ጥቃቅን ክፍተቶች አሉት። ቴራዞ የማርብል ፍርፋሪ በሲሚንቶ ተይዞ የተወለወለ ነውና ሁለቱም ክፍሎቹ አሲድ ይፈራሉ። ቴራዞን ጠንካራ ነው ብሎ በአቸቶ የሚያጥብ ብዙ ቤት አይቻለሁ። በቅርቡ የመጣው በሙጫ የተጋገረ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ደግሞ አሲዱን ቢችልም ሙቀትንና ጠንካራ ማሟሟያን አይችልም።

የትኛው እንደሆነ ያላወቀ ሰው በጠርዙ ሥር፣ ከዓይን በተሰወረ ቦታ፣ አንድ ጠብታ አቸቶ ያስቀምጥ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲጠርገው ቦታው ከደበዘዘ ወይም ጠብታው አረፋ ካወጣ ድንጋዩ የካርቦኔት ዘር ነው። ሌላ ጠብታ፣ ይህኛው ንጹሕ ውሃ፣ በሌላ ቦታ ያኑር፤ ድንጋዩ በፍጥነት ከጠቆረ ፈሳሽ ይጠጣል ማለት ነው። የሁለት ጠብታ ጉዳይ ነው። እኔ በስልክ ያልጠየቅሁት ይህንን ነው።

ማጽዳቱ በደረቁ ይጀምራል። ይህ ከሁሉ በላይ የሚጣስ ሕግ ነው፤ ሰው እድፍ ሲያይ እጁ ወደ እርጥብ ጨርቅ ይሄዳልና። ጥላሸት ውሃን ይሸሻል፤ እርጥብ ጨርቅ አያነሣውም፣ ያሻሸዋል፤ ከሰሙ ጋር አለውሶ ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ይገፋዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ለስላሳ፣ ደረቅ የቀለም ብሩሽ ወስዶ ሳይጫኑ ከእድፉ ጠርዝ ወደ ተዘረጋ ወረቀት መጥረግ ነው። ቫክዩም ያለው ሰው አፉን ከድንጋዩ ጥቂት አርቆ ይሳበው። እፍ ማለት ግን አይገባም፤ ጥላሸቱ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ያርፋል፣ ወደ ሳንባም ይገባል። ከዚያ የሚቀረውን ቀጭን ጥቁር ሽፋን በነጭ ለስላሳ ላጲስ፣ የተማሪ ላጲስ በሆነው፣ በአንድ አቅጣጫ እየሳቡ ማንሣት ይቻላል። ላጲሱ ሲጠቁር ጫፉን መቁረጥ ነው፤ በጠቆረ ላጲስ መቀጠል መልሶ መቀባት ነው። ስም ማጥፋትን «ጥላሸት መቀባት» ያለው ሰው ይህን ሥራ በእጁ የሞከረ ሳይሆን አይቀርም።

የጥንት ሰዎች በላጲስ ፋንታ ዳቦ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1625 ሲሞኔ ላጊ የሲስቲን ቤተ ጸሎትን ሥዕሎች ከሻማና ከዕጣን ጭስ ያጸዳው በጨርቅና በዳቦ ነበር። የዳቦ ልብ በእርግጥ ጥላሸት ያነሣል። የሚያስቀረው ፍርፋሪ ግን የሻጋታና የነፍሳት ምግብ ነው፤ በየቀኑ በሚታጠብ ኩሽና ጉዳቱ ጥቂት ሲሆን በግድግዳ ሥዕል ላይ ግን ከባድ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የፈሰሰ ሰም ካለ በፌስታል የተጠቀለለ በረዶ ላዩ ላይ ጥቂት ማቆየት ነው። ሰሙ ሲደርቅ ይሰበራል፤ ያገለገለ የባንክ ካርድ አጋድሞ መግፋት ይበቃዋል። ቢላዋ አያስፈልግም። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የፓራፊን ሻማ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይቀልጣል፤ ስለዚህ የቀረውን ስስ ሽፋን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጎ ወዲያው በሶፍት መምጠጥ ይቻላል። ሶፍቱን መጫን እንጂ ማሸት አይገባም።

ውሃ የሚመጣው አሁን ነው። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ። ሳሙና ጥላሸቱን አያሟሟውም፤ አንዱ የሞለኪውሉ ጫፍ ቅባቱን ሲይዝ ሌላው ውሃውን ይዞ ቅንጣቷን ተሸክሞ ይወጣል። አንድ ተማሪዬ እንዶድስ አይሆንም ወይ ብሎኝ ነበር። ሳፖኒን የተባለው የእንዶድ ንጥረ ነገር በእርግጥ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ እናቶቻችን ሸማ ያነጡበት በዚሁ ነው። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የተመለከቱት ቀንድ አውጣዎችን የሚገድል ኃይሉን ነው፤ ቢውጡት መርዝ ነውና ምግብ በሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ አልመክረውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ግራጫ ጥላ ከቀረ ቅባቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ያን ጊዜ ከላይ ማሸት ትርጉም የለውም፤ ከውስጥ መሳብ ያስፈልጋል። ነጭ የሸክላ አፈር ዱቄት ወይም ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት አሴቶን እንደ ወፍራም ሊጥ ተለውሶ በእድፉ ላይ የጣት ውፍረት በማይሞላ መጠን ይለጠፋል፤ በፌስታል ይሸፈናል፤ ፌስታሉ በመርፌ ጥቂት ይበሳል። በአንድ ቀን ገደማ ፈሳሹ ቀስ እያለ ሲተን ቅባቱን ወደ ሊጡ ይዞ ይወጣል። ሲደርቅ ማንሣት፣ ካስፈለገም መድገም ነው። ለሰው ሠራሹ ድንጋይ ይህ አይደረግም። አሴቶን በቀላሉ የሚነድ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ ምድጃው ጠፍቶ፣ በቀን ብርሃን ይሠራል፤ መብራት ጠፋ ብሎ ሻማ አብርቶ አይደለም።

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። አሲድና በረኪና በምንም መልኩ አይቀላቀሉ። ሎሚው ወይም አቸቶው «አልሠራም» ሲባል በላዩ በረኪና የሚያፈስ ሰው በጠባብ ኩሽና ውስጥ የክሎሪን ጋዝ እየፈበረከ ነው። ጎረቤቴ ልጅቷን የጠረጠሩት በዚህ ነበር። ጥርጣሬያቸው እውነት ቢሆን ኖሮ ከድንጋዩ በፊት የምትጎዳው እሷ ነበረች።

ታዲያ ሎሚው የሠራ ለምን መሰለ? የማርብሉን የላይኛ ገጽ ስላሟሟው ነው። መሬቱ ሲሄድ በላዩ ያለው ጥላሸትም አብሮ ሄደ። የደበዘዘው ነጭ ክብ እድፍ አልነበረም፤ የጎደለ ድንጋይ ነው። የተወለወለ ገጽ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ በአሲድ የተበላው ይበትነዋል፤ ዓይናችን ያንን ነጭ ብሎ ያነባል። የጎደለን ነገር የሚያጸዳ ሳሙና የለም። መፍትሔው ዙሪያውን እስከ ጉድለቱ ማውረድ ነው፦ የማርብል ባለሙያ እየላመ በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየፋቀ፣ በመጨረሻ በቲን ኦክሳይድ ዱቄት ይወለውለዋል።

ይህን ለጎረቤቴ ለማስረዳት ትንሽ የማርብል ስባሪ፣ አንድ ሎሚና ማጉያ መነጽር ይዤ ሄድሁ። ልጅቷም እንድትቀመጥ ለመንሁ። አረፋው ሲነሣ ሦስታችንም በመነጽሩ አየን። ወይዘሮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ቆራጩም ተቆራጩም የእርስዎ ነው ማለት ነዋ» አሉኝ። ገንዘቡ ለልጅቷ ተመለሰ፤ የባለሙያውን ዋጋ እኔ ከፈልሁ። ክቡ ዛሬም ከመስኮቱ በኩል አጋድመው ሲያዩት በመጠኑ ይታያል።

አሁን ዳገቱን እንውጣ። ባለፈው ዓመት በበጎ ፈቃድ የተሰባሰቡ ተማሪዎቻችን ከዓመት በዓል በፊት በእንጦጦ ከሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ በጧፍ የጠቆሩ የድንጋይ ግድግዳዎችን ለማጠብ ተነሥተው ነበር። ዱቄት ሳሙናና የሽቦ ብሩሽ ገዝተው ጨርሰው ምክር ሊጠይቁኝ መጡ። በዚህ ጊዜ በስልክ አልመለስሁም።

እንጦጦ ተራ ቦታ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተራራው ሰንሰለት በምሥራቅ በኩል፣ በየካ፣ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ትውፊቱ እጅግ ወደ ኋላ ይወስደዋል፣ ብዙ ተመራማሪዎች ደግሞ ከላሊበላ ሥራዎች ጋር ያዛምዱታል። የአካባቢው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው፤ እንደ ማርብል በሎሚ አይፈላም። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ነገር ግን ያልተወለወለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። በዱቄት ሳሙና ሲታጠብ የሳሙናው ጨው አብሮ ይገባል፤ ድንጋዩ ሲደርቅ ጨው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይረጋል፣ ሲረጋ ይገፋል፣ ሲገፋ የድንጋዩን ገጽ ያራግፋል። የሽቦ ብሩሹ ደግሞ የጠራቢውን የመሮ ምልክት ይወስዳል። የኩሽና ድንጋይ ተወልውሎ ይታደሳል፤ የመሮ ምልክት አይታደስም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። በኩሽና ጥላሸት እድፍ ብቻ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ግን ማስረጃም ሊሆን ይችላል። ጧፍ በባህላችን ከጥጥ ፈትልና ከንብ ሰም ይሠራል፤ ፓራፊን ደግሞ በዓለም ገበያ በብዛት የታየው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። የሁለቱ ቅሪት በላቦራቶሪ ይለያል። ከግድግዳ የተወሰደ የስንዴ ቅንጣት የማታህል ጥቁር ናሙና ሰዎች የት ቆመው፣ በምን ሰም እንደ ጸለዩ ልትናገር ትችላለች። ከጥላሸቱ ሥር ሥዕል መኖር አለመኖሩንም በዓይን ብቻ ማወቅ አይቻልም። በላሊበላ የሆነውን አስታውሱ፦ በቅን ልቦና ከዝናብ ለመከላከል ተብሎ በአለቱ ላይ የተቀባውን ሬንጅ ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው የጥገና ቡድን ብዙ ደክሟል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ያለ ፈቃድ አይሠራም፤ ተማሪዎቹ ይህን ሕግ ከእኔ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ይህም የእኛ የመምህራን ጉድለት ነው።

አንዲት ተማሪ «እንግዲያው እንደ ጠቆረ ይቅር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በቁጣ ነበር፣ ቁጣዋም አግባብ ነው። ለምእመኑ ያ ግድግዳ የላቦራቶሪ ናሙና ሳይሆን የጸሎት ቤት ነው፤ ለበዓል አጽድቶ ማየት መፈለግም ፍቅር ነው። መልሴ፣ የቆየውን ባለሙያ እስኪያየው አትንኩት፣ አዲሱን ግን ዛሬውኑ አስቁሙት የሚል ነበር። ተማሪዎቹ ከደብሩ አገልጋዮች ጋር ተነጋግረው ግድግዳውን በፎቶግራፍ መዘገቡ። ለሳሙና በያዙት ገንዘብ ትርፍ አሸዋ የተሞሉ የብረት ሣጥኖች አሠርተው ጧፍ የሚተከለው ከግድግዳው ርቆ በአሸዋው ላይ እንዲሆን አደረጉ። በድንጋዩ ወለል ላይ የፈሰሰውን የሰሞኑን ሰም ብቻ በካርድ እየገፉ አነሡ። የሽቦ ብሩሾቹ አሁንም በቢሮዬ መደርደሪያ ላይ አሉ።

ከዚህ ቀጥሎ በጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ የማርብል፣ የግራናይት፣ የቴራዞና የእንጦጦ ድንጋይ ስባሪዎች ተዘጋጅተዋል፤ አቸቶና ጠብታ ማውጫም አለ። መጥታችሁ ሞክሩ። ጥያቄ ያላችሁም እዚያው እንነጋገር።